የእማማ ብርቄ የፊልም መነጽር

መርካቶ ውስጥ «የለም» የሚል ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። የምትፈልጉት ነገር ሱቁ ውስጥ ባይኖርም «አለ፤ አንዴ ቁጭ በሉ» ይላችሁና ወጥቶ ይሄዳል። እናንተ በርጩማው ላይ ተቀምጣችሁ ሱቁን ትጠብቁለታላችሁ። ሌቦች ብትሆኑስ ብሎ አይጨነቅም፤ ቢጨነቅም ጎረቤቱን በጥቅሻ አስጠብቋችሁ ነው የሚሄደው። ጥቂት ቆይቶ ከማዶው ሕንጻም ይሁን ከሰማይ አውርዶ ያመጣላችኋል። ያመጣው ያላችሁት ካልሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያም ያላችሁት እሱን እንደነበር በትዕግሥት ያስረዳችኋል። እኔ ጥቁር ጫማ ፈልጌ ገብቼ ቡናማ ጫማ ገዝቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ያውም አመስግኜ።

ይህን የማወራው መርካቶን ለማማት አይደለም። መርካቶ ሥር፣ ሰባተኛ ሰፈር የምትኖር ሴት መርካቶን ብታማ የገዛ ጓዳዋን እንዳማች ነው። የማወራው፣ ሁሉ ነገር በሚገኝበት በዚህ ገበያ አንድ የመነጽር ፍሬም አጥቼ ስንከራተት ስለከረምኩ ነው።

መነጽር ለምን ይደረጋል? ብትሉኝ ድሮ ቢሆን «ለማየት ነዋ» ብዬ እገላገል ነበር። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት እንኳ የሚከብድ ጥያቄ አይመስልም። አሁን ግን ትንሽ ቆም ብዬ ነው የምመልሰው። ለማየት የሚደረግ መነጽር አለ። ለመታየት የሚደረግ አለ። እንዳይታዩ የሚደረግም አለ፤ እሱን ለደላሎች እንተወው።

እማማ ብርቄ የባለቤቴ የታደሰ እናት ናቸው። አብረን ነው የምንኖረው። በርበሬ በረንዳ ውስጥ ዛላ በርበሬ የሚሸጡባት ቦታ አለቻቸው፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ቢቀመጥባት የምታልቅ ቦታ ናት፤ ነገር ግን ታደሰንና ወንድሞቹን አብልታ ያሳደገች እሷ ናት። እማማ ብርቄ የማዳበሪያው አፍ ገና ሲፈታ አይተው «ይሄ ዝናብ ነክቶታል፤ ይሄ የማረቆ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የማረቆ ነኝ ባይ ነው» የሚሉ ሴት ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴ መናገሩን ትተው አይደለም። እሳቸው አሁንም ይላሉ፤ እንዳሉት አልሆን ያለው ዛላው ነው።

ነገሩ የወጣው አንዲት የድሮ ደንበኛቸው ከገዛችው በርበሬ ውስጥ የሻገተውን ለቅማ፣ በፌስታል ቋጥራ ያመጣችላቸው ቀን ነው። አልጮኸችም። «እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ሳያዩት ገብቶ ነው መሰለኝ» ብላ አጠገባቸው አስቀምጣ ሄደች። ብትሳደብ ይሻላቸው ነበር። ስድብማ ቢሆን ይመልሱላታል፤ በሱ ማንም አይደርስባቸውም።

ታደሰ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙም መርምሮ «ሌላ ችግር የለብዎትም፤ መነጽር ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት» ብሎ የመስታወቱን ቁጥር ጽፎ ሰጠን። እኛ ተመስገን አልን። እሳቸው ግን መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም። የፈነዱት ቤት ስንገባ ነው።

«መነጽር ያደረገች በርበሬ ሻጭ የት አይተሃል? ገዢ ሁሉ ‹አሮጊቷ አታይም› ብሎ ዛላዬ ላይ እጁን እንዲሰድድብኝ ነው? ቀለሙን ለይቼ ‹ይሄ ጥሩ ነው፣ ውሰጂው› ብል ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው ምርጫው ያንቺ ነው» አለ ታደሰ። «ካላደረግሽ ቦታዋን ለሰው እናከራያታለን። አንቺም ቤትሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

«አርፈሽ» ሲል ክው ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ብርቄ ቤት ማረፍ አያውቁበትም። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟቸው ቤት ሲውሉ አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የኔን ሽንኩርት አከታተፍ፣ የልጄን የሶስናን አስተዛዘል፣ በበሩ የሚያልፈውን ሰው አረማመድ ሳይቀር ሲያርሙ ዋሉ። እሳቸው ለዘለቄታው ቤት ከተቀመጡ ማን ሲታረም እንደሚኖር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እማማ ብርቄ መነጽር አድርገው ወደ በርበሬያቸው እንዲመለሱ ከልጆቻቸው ሁሉ በላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ። ለሳቸው አዝኜም ነው፤ ውሸት አልናገርም፣ ለራሴም አዝኜ ነው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ አሉ። ግን እሺታቸው ቅድመ ሁኔታ ነበረው። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

ግድግዳችን ላይ የእማማ ብርቄ የወጣትነት ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ጣል ብሏል፤ አገጫቸው ቀና ብሏል፤ ዓይናቸው ላይ ደግሞ መነጽር አለ። መነጽሩ እንደነገሩ የሆነ አይደለም። ከላይ ወፍራም ጥቁር፣ ከታች ስስ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሊበር እንደተነሳ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የተቃጡ፤ ክንፎቹ ላይ የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች የተደረደሩበት። በድሮ የውጭ ፊልም ላይ አለቃዋን በፍቅር የምታሳብድ ጸሐፊ የምታደርገው ዓይነት። በፊልሙ ሴትየዋ ቆንጆ መሆኗ የሚታወቀው መነጽሩን ስታወልቅ ነው። እማማ ብርቄ ግን ሲያደርጉት ነው ያማረባቸው።

የመነጽሩን ታሪክ በቤታችን የማያውቅ የለም። የታደሰ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ከድሬዳዋ ያመጡላቸው ነው። «በመላው ሰባተኛ እንዲህ ያለ መነጽር የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ» ይላሉ እማማ። ታዲያ የት ገባ? ሲባሉ ወሬውን ወደ በርበሬ ያዞሩታል። እኔ ሟቹን እያስታወሱ ሆድ የሚብሳቸው ይመስለኝ ነበር።

«ይሄንን ካመጣችሁልኝ አደርጋለሁ» አሉ። «ይሄንን አድርጌ ያየኝ ‹ዘነጠች› ይላል እንጂ ‹ታወረች› አይልም። ከዚህ ሌላ ግን ዓይኔ ላይ አይወጣም!»

ታደሰ በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔ ፊታቸውን አየሁ። እንደማይገኝ እርግጠኛ የሆነ ሰው ፊት ነበር፤ በተረት ውስጥ ዓመለኛ ባሏን የምትገራበት መድኃኒት የጠየቀችውን ሴት «የአንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ» ብሎ እንደሚልካት አዋቂ። ሴትየዋ ግን በተረቱም ቢሆን ጸጉሩን ይዛ ነው የተመለሰችው።

በማግስቱ ሶስናን አዝዬ «እማማ፣ ፎቶውን ልውሰደው?» አልኳቸው።

ደንገጥ አሉ። «ፎቶውን ለምን? በቃል ብትነግሪያቸው አይበቃም?»

«መርካቶ በቃል አይሆንም እማማ። ቡናማ ያመጡልኛል።»

መጀመሪያ የሄድኩት አዲሱ ሕንጻ ላይ ካለ መነጽር ቤት ነው። ሻጩ ጸጉሩን እንደ ጎመን የከመረ ወጣት ነው። «ግቢ ማዘር! ለራስሽ ነው?» አለኝ። ማዘር የሚለኝ ሶስናን አይቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ፎቶውን ሳሳየው ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ ፊቱ በራ።

«ቪንቴጅ! አሁን እኮ ሞዱ ይሄ ነው ማዘር። ቲክቶክ ላይ የምታያቸው ሴቶች ሁሉ የድሮ ፊልም መነጽር ነው የሚሉኝ።»

ደረደረልኝ። ክብ ክቡ አለ፤ የዔሊ ጀርባ የመሰለው አለ፤ የድሮ ፊልም ሰላይ የሚያደርገው አለ። ሁሉም ትናንት የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም ያረጁ ለመምሰል ይታገላሉ። ሰው ወጣት ለመምሰል ሲታገል ዕቃው ለማርጀት መታገሉ ገረመኝ። ክንፍ ያለውም ነበረ፤ ግን ክንፉ ዝናብ እንደመታው ጫጩት ኩርምት ያለ ነው። ቀለሙም ሮዝ።

«ጥቁር የለም?»

«አለ! አንዴ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ሱቁን ጠበቅኩለት። ደንበኞች መጥተው ዋጋ ሲጠይቁኝ «አሁን ይመጣል» እያልኩ አቆየሁለት። ይዞልኝ የመጣው ቡናማ ነበር። ቡናማ ዕጣዬ ነው።

ቀጥዬ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራ አንዱ የጣለው ለሌላው ዕቃ ሆኖ የሚነሳበት የመርካቶ ጎን ነው። የቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። መነጽርም ነበረ፤ ግን በየብልቱ። አንድ ጆሮ ያለው፣ አፍንጫ የሌለው፣ በሽቦ የተሰፋ። የኔን ፎቶ ያዩት ሁሉ «ባለፈው ሳምንት ብትመጪ ነበረ» አሉኝ። በምናለሽ ተራ ሁሉም ነገር ባለፈው ሳምንት ነበረ።

ደክሞኝ፣ ሶስናም መነጫነጭ ጀምራ፣ ክርና ቁልፍ ከሚሸጥልኝ ከነስሩ ሱቅ ገብቼ አረፍ አልኩ። ነስሩ ጎልማሳ ነው፤ ቀልድ ያውቃል፤ ከጭንቅላቱ በላይ ሱቁን ያወረሱት የአባቱ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። አባቱ በሕይወት ሳሉ ሲቆጡ ድምፃቸው መሳለሚያ ይሰማል የሚባሉ ሰው ናቸው። በፎቶውም ቢሆን ጺማቸው፣ ቆባቸው፣ ግንባራቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ያስፈራል። ስንት ጊዜ ከፎቶው ሥር ቁልፍ መርጬ ገዝቻለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ በደንብ አይቻቸው አላውቅም። ያስፈራሉ አልኩ እኮ።

ሶስና ከጀርባዬ ላይ ጣቷን ቀሰረች።

«እማማ!» አለች።

«እማማ ቤት ናቸው» አልኳት።

«እማማ!» አለች ደግማ፤ ጣቷ የነስሩ አባት ላይ ነው።

ነስሩ ሳቀ። «ይቺ ልጅ አባቴን አሮጊት አደረገችብኝ!»

እኔም ልስቅ ስል ቀና አልኩ። ሳቄ እዚያው ቀረ። የነስሩ አባት፣ ያ የሚያስፈራ ሰው፣ ዓይናቸው ላይ ባለ ክንፍ፣ ባለ ጠጠር፣ የጸሐፊዋን መነጽር አድርገዋል።

ፎቶዬን ከፌስታሉ አወጣሁ። ነስሩ የአባቱን አወረደ። ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አደረግናቸው። በግራው ክንፍ ላይ ከተደረደሩት ጠጠሮች መሐል አንዷ ወልቃለች፤ በሁለቱም ፎቶ ላይ። ነስሩ አንዴ እማማን፣ አንዴ አባቱን አየ።

«አባቴ ይሄን መነጽር ከሐረር ነው ያመጣሁት ይለን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እህቴ፣ የሴት ነው እንዴ?»

ምን ልበለው? ዕድሜውን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ ሲነግድ ኖሯል። «ያኔ የሁሉም ነበር መሰለኝ» አልኩት። ከውሸት ይልቅ ለእውነት እንደቀረብኩ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፎቶዎቹን ስንገለብጣቸው ሁለቱም ጀርባ ላይ የአንድ ፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ መሳለሚያ። ነስሩ የአባቱን መልሶ ሰቀለ። ትንሽ ከፍ አድርጎ።

ፎቶ ቤቱ አሁን ፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤት ሆኗል። ባለቤቱ ጋሽ ክፍሌ ከማሽኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሽበታቸው ተበጥሯል፣ ከረቫታቸው ታስሯል፤ ፎቶ ሊነሱ የተዘጋጁ እንጂ የሚያነሱ አይመስሉም። ፎቶውን ዓይናቸው አጠገብ አድርገው አዩት።

«ብርቄ!» አሉ። «አገጭ ቀና ብያት ሰማይ ያየችው ብርቄ! ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው። እኔ የልጃቸው ሚስት ነኝ። ይሄንን የመሰለ መነጽር ፍለጋ ነው...»

«ይሄንን የመሰለ የለም» አሉና በአውራ ጣታቸው ከኋላቸው ወዳለው ግድግዳ ጠቆሙኝ። ምስማር ላይ የታሰረ ከረቫት፣ ትከሻው ሰፊ ኮት፣ ሽቦ የሌለው የስልክ እጀታ ተንጠልጥሏል። ከነሱ ጋር መነጽሩ። አውርደው ሰጡኝ። አቧራ ይዞ ስለነበር መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ልወለውለው ስል ጣቴ ወደ ማዶ አለፈ።

መስታወት የለውም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ። «መብራቱን እየመለሰ ፎቶ ያበላሽብኝ ነበር። ደግሞስ መስታወት ለምን? ያኔ ሰዉ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ቀጥታ ወደዚህ ነበር። ‹ጋሽ ክፍሌ፣ እንደዚያች እንደ ጸሐፊዋ አድርገህ አንሳኝ!› ይሄኔ ነው አንዱን ነጋዴ ለምኜ ያስመጣሁት። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሙሽራውም፣ ሁሉም በሱ ነው የተነሳው።»

«ወንዶቹ የሴት መሆኑን አያውቁም ነበር?»

«የፊልም መሆኑን ነው የሚያውቁት።»

ድሬዳዋም ሐረርም የጋሽ ክፍሌ ምስማር ሆኖ ቀረ። እማማ ብርቄ ያን ቀን ለምን እንደዚያ እርግጠኛ እንደነበሩ ገባኝ። መነጽሩ የት እንዳለ ያውቃሉ። የማይመጣው ስለጠፋ አይደለም፤ ማንም ስለማይናገር ነው። የሰባተኛ ሰው ሁሉ በየግድግዳው ላይ አንድ ዓይነት መነጽር አድርጎ ተቀምጦ፣ ማን ማንን «ይሄ ያንተ አይደለም» ይለዋል?

እኔ ግን መሐል ላይ ቀረሁ። መነጽሩን ባመጣ፣ ማወቄን አብሬ ማምጣቴ ነው። የሟች ባላቸውን ስጦታ ከፊታቸው ላይ እንደማውለቅ ነው። ባላመጣ ቦታቸው ይከራያል፤ እሳቸውም ቤት «ያርፋሉ»።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ይሽጡልኝ» አልኩ።

«አይሸጥም።»

መርካቶ ውስጥ «የለም» አይባልም ብያችኋለሁ። «አለ፤ ግን አይሸጥም» ይባላል ለካ።

እንግዲህ እኔ ዝምተኛ ነኝ። ሰው ፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ስናገር ያልበኛል። ያን ቀን ግን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ እማማ ዓይን፣ ስለ ሻገተው በርበሬ፣ በፌስታል ቋጥራ ስለመለሰችው ደንበኛ፣ ሊከራይ ስላለው ቦታ። ጋሽ ክፍሌ አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽሩን ከእጄ ወስደው አገላበጡት።

«ይሄን መነጽር ያላደረገ ሰው የለም» አሉ። «ዓይኑ ፈልጎት የመጣ ግን አንድም አልነበረም። ውሰጂላት። መስታወት ይግባለት።»

ላመሰግን ስል እጃቸውን አነሱ። «ግን ቁጭ በይ። ይሄን መነጽር የያዘ ሰው ሳይነሳበት ከዚህ በር ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም አይወጣም።»

ሶስናን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መነጽሩን አጠለቅኩት። መስታወት ባይኖረውም ፊቴ ከበድ አለኝ። ጋሽ ክፍሌ ራቅ ብለው አይተውኝ «አስተማሪ ትመስያለሽ» አሉ። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ብነግራችሁ ረጅም ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ይገባዋል፤ ያላቆመው ይለፈው።

«አገጭ ቀና!»

ቀና አላልኩም። አልቻልኩም። እኔ መሬት እያየሁ የምሄድ ሰው ነኝ።

«አገጭ ቀና ልጄ!» ደገሙ። ሶስና ቀና አለች። እኔ እንደደፋሁ ተነሳሁ። ወዲያው አትመው ሰጡኝ፤ ዘመኑ አያስጠብቅም። ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ለብርቄ ምን ትያታለሽ?»

«ምናለሽ ተራ አገኘሁት እላለሁ።»

«ጎሽ!» አሉ።

መስታወቱን ያስገባልኝ ጎመን ጸጉሩ ልጅ ነው። ፍሬሙን ሲያይ በቁሙ ዘለለ። «ማዘር! ኦሪጅናል እኮ ነው! የት አገኘሽው? በናትሽ ለኔ ተይልኝ!» አዲሱን ለማስረጀት የሚደክም ልጅ፣ ያን ቀን አሮጌውን አዲስ ሲያደርግ ዋለ። ሠርቶ ሲጨርስ ሦስቴ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነው የሰጠኝ።

ቤት ስገባ እማማ ብርቄ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ታደሰ ጫማውን ያወልቃል። ዝም ብዬ እጃቸው ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ በዓይናቸው አይደለም ያዩት። አውራ ጣታቸው በቀስታ በግራው ክንፍ ላይ ሄዶ ሄዶ፣ ጠጠሯ የወለቀችበት ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«የት አገኘሽው?» አለ ታደሰ ተገርሞ።

«ምናለሽ ተራ።»

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ያለ መነጽር ነው ያዩኝ፤ ግን እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አየህ» አሉት። «አባትህ ያመጣልኝ ራሱ ነው። ያኔ ሌባ ወስዶብኝ ነበር። እንዳታዝኑ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ። ዞሮ ዞሮ ምናለሽ ተራ ገባ ማለት ነው።»

«እኔም እንደሱ ነው የገመትኩት እማማ» አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ቦታውን ካገኘ ለካ ንግግርም አይነቅዝም።

አደረጉት። ዙሪያውን አዩ። ልጃቸውን አዩ፤ ሶስናን አዩ፤ ጣራውን አዩ። ጣራው ላይ ቆዩ።

«ይሄ ሁሉ ጥላሸት ሲጠራቀም በዚህ ቤት ሰው አልነበረም?» አሉ።

የዚያኔ ነው፣ ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

በርበሬ በረንዳ የሆነውን በማግስቱ ምሳ ሳደርስላቸው አየሁት። እኩዮቻቸው ተሰብስበዋል። «ብርቄ ዘነጠች!» «ኧረ ያምርብሻል!» «የት አገኘሽው?» እማማ ዓይናቸውን ከዛላው ሳያነሱ «የድሬዳዋው ነው፤ ጠፍቶብኝ ተገኘ» አሉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እያንዳንዳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት ፎቶ እንደተሰቀለ አላውቅም፤ ግን አንዳቸውም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቁም። ገዢዎችም መነጽሩን እንጂ ዓይናቸውን አላዩም። እማማ የሻገተውን ዛላ ገና ከማዳበሪያው ሳይወጣ እያነሱ ወደ ጎን ይጥላሉ። ያቺ በፌስታል ቋጥራ የመለሰችው ደንበኛ ራሷ መጥታ ቆማ አየቻቸውና «ለኔም ይምረጡልኝ» አለች። ታደሰ ስለ ማከራየት ዳግመኛ አላነሳም።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለኔ ደግ ነበር። ግን ለሰው ዓይን ከሰጣችሁ በኋላ «ይሄን እይ፤ ያን አትይ» ማለት አይቻልም።

የኔንና የሶስናን ፎቶ ደብቄው ነበር። ግድግዳ ላይ እንዳልሰቅለው ምናለሽ ተራ ያልኩት ውሸት ይወጣል፤ እንዳልጥለው ደግሞ አስተማሪ እመስላለሁ። ከሶስና ልብሶች ሥር አስገባሁት። እሑድ ነው፤ እኔ ደጅ ልብስ አጥባለሁ፤ እማማ የሶስናን ልብስ ሊያጥፉ ገብተዋል። ድሮ ቢሆን ያጠፉትን እኔ እንደገና አጥፈው ነበር፤ አሁን ግን ክር የተፈታበትን እንኳ ለይተው ያወጣሉ። ትንሽ ቆይተው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸው ላይ ፎቶው አለ። እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት።

«አንቺም ያምርብሻል» አሉ።

እጄን ከአረፋው አውጥቼ በቀሚሴ ጠረግኩ።

«ግን አገጭሽን ምነው ደፋሽው? ክፍሌ ‹ቀና› አላለሽም?»

«ብለውኝ ነበር እማማ።»

«እኔንም እንደዚሁ ሲያስደጋግመኝ ነው የዋለው» አሉና ገቡ። ወዲያው ምስማር ሲመታ ሰማሁ።

ማታ ታደሰ ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። እናቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ሁለታችንም አንድ መነጽር አድርገን ጎን ለጎን ተሰቅለናል። «ምናለሽ ተራ ፎቶም ያነሳሉ እንዴ?» አለ።

እኔና እማማ ተያየን።

«አንተም ዓይንህን ሐኪም ይየው» አሉት።

ሶስና አሁን ትንሽ ናት። አድጋ አንድ ቀን ግድግዳውን ማየቷ አይቀርም፤ «እማዬ፣ አንቺም መነጽር ነበረሽ እንዴ? ከየት የመጣ ነው?» ትለኛለች። መልሱን ከአሁኑ ላዘጋጅ ብዬ አስቤበታለሁ። ድሬዳዋ ተይዟል፤ ሐረርን የነስሩ አባት ወስደውታል። እኔ ጅማ ብል ሳይሻል አይቀርም።